አንበሳውን ማሳቅ

ፍኖተ ሰላም ላይ የልጆች መጫወቻ ስከፍት «የተረት ዓለም» የሚባለውን ጥግ ያገለገለ ነበር የገዛሁት። ሹል ማማ ያለው ቤተ መንግሥት፣ ጸጉሯ ቢጫ የሆነ ልዕልት፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ነጭ በረዶ። ሻጩ በረዶው ልጅ ይስባል አለኝ። እሱስ የከተማ ሰው ነው፤ ዕድሜዬን በሙሉ በርበሬ ስነግድ የኖርኩት እኔ እንዴት እንዳላሰብኩት እስካሁን ይገርመኛል። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ከቡሬ በኩል የመጡ አንዲት እናት ልጃቸውን እንደያዙ ቆመው ጣሪያውን አዩት።

«አንተ፣ በርበሬያችንን የጨረሰውን በረዶ ነው ቀለም ቀብተህ ያቆምክልን?»

ከዚያ ወዲህ ልጁ ሁሉ ዥዋዥዌው ላይ ይጫወታል እንጂ ወደዚያ ጥግ ዝር የሚል ጠፋ። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ጥጉ ባዶውን ከቆመ ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጠው በደብዳቤ ነገረኝ፤ ኮሚቴ በወሩ መጥቶ ያያል ተባለ። መቀመጥ አቃተኝ። ሱቅ ስገባ መጫወቻው ይታየኛል፣ መጫወቻው ጋ ስደርስ ሱቁ። ባለቤቴ ቁንጫ ገብቶብህ እንደሆነ ልብስህን ላራግፍ አለችኝ።

በመጨረሻ ቤተ መንግሥቱን አፍርሼ የራሳችንን ተረት ላቆም ወሰንኩ፦ አንበሳ፣ ጦጣ፣ ጅብ፣ ኤሊ፤ ግድግዳ ላይ ተስለው፣ ከአንበሳው ግንባር ሸርተቴ የሚወርድበት። የከተማችን ሰዓሊዎች ከጸጉር ቤት ማስታወቂያ ስለማያልፉ ከገበዝ ማርያም እጃቸው የታወቀ አንድ አዛውንት የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ አስመጣሁ፤ ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ አራዊቱ ደግ ናቸው ወይስ ክፉ?

ልጅ የሚጫወትባቸው ናቸውና ሁሉም ደግ ይሁኑ አልኳቸው። ስህተቴ እዚህ ጋ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ የሆነ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው ጎኑን ሰጥቶ ባንድ ዓይኑ። የኔታም ጅቡን ሳይቀር ሁለት ትልልቅ፣ የተረጋጉ ዓይኖች ሰጡት። ሲያልቅ እኔ ራሴ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማውራት ጀመርኩ።

ቅዳሜ እናቶች መጡ። ጫማቸውን ጥጉ ጫፍ ላይ አወለቁ፣ እጅ ነሱ፣ ግድግዳውን ተሳለሙ። ሸርተቴው ላይ እግሩን ያነሳ አንድ ልጅ ተቆነጠጠ። ሰው የጅብ ግንባር ሲሳለም ቆሜ አየሁ። ጅብ እኮ ነው ብላቸው አንዲት አሮጊት ታዘቡኝ።

«እንዲህ በሁለት ዓይኑ እያየህ ጅብ ነው ትለዋለህ?»

ኮሚቴው ሊመጣ ሦስት ቀን ቀርቶታል። አራዊቱን ወደ ጎን ያዙሩልኝ፣ አንድ ዓይን ይብቃቸው ብዬ የኔታን ለመንኳቸው። ልጆቹን ከሰይጣን ጋር ልታጫውታቸው ነው ወይ አሉኝ። ከዚያ ግድግዳው ፊት ተቀምጠው አራዊቱን አንድ በአንድ ያዩ ጀመር። እሳቸው ሲያዩ እኔ አጥሩን እዞራለሁ። ስንተኛው ዙር ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ጠሩኝ።

«ጥርስ ይኑራቸው። የሚስቅ ቅዱስ ስዬ አላውቅም።»

ለጦጣዋ ምላስ አወጡላት፣ ጅቡን እስከ ድዱ አሳቁት፣ ኤሊውም ደረሰው። አንበሳው ጋ ሲደርሱ ግን ብሩሹን አስቀምጠው ወጡ፤ እጃቸውን ታጥበው ተመለሱ፤ ደግመው ወጡ። ይህን ደግ አድርጌው ነበር እኮ አሉኝ። «ሲስቅም ደግ ነው፣ የኔታ» አልኳቸው። ለበርበሬ ገዢ የምናገረው ዓይነት አነጋገር ነበር፤ ከአፌ ሲወጣ ግን እውነት መሰለኝ። ጥርሱን ሣሉለት።

በኮሚቴው ቀን ቀድማ የደረሰችው እናት ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች፣ ቀና ብላ የአንበሳውን ጥርስ አየች፣ እንደተጫማች ቀረች። ሴት ልጇ ለጦጣዋ ምላሷን መልሳ አወጣችና ሸርተቴው ላይ ወጣች። ኮሚቴው ሲደርስ ሸርተቴው ላይ ግፊያ ነበር። ሰብሳቢው ጥቂት ጽፎ ቦታው ካንተ ጋር ይቆያል አለኝ። ደስታዬን የማሳርፍበት አጥቼ ወደ የኔታ ሮጥኩ። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ቆመዋል።

«ልጆቹ ይረግጡታል?» አሉኝ።

«ይረግጡታል፣ የኔታ።»

«እንግዲያ አንበሳ ነዋ» አሉና ዞረው አዩት።