የአክስቴ ልጅ ጣቶች

ሐይቅ ከተማ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ አንድ በር ያላት የስልክ ጥገና ሱቅ አለችኝ። ረመዳን ሊገባ ሰሞን አንድ ደንበኛ ድምፁ የጠፋ ስልክ አመጣልኝ። ሠርቼ ስጨርስ ለሙከራ ፊቴ የመጣውን ቪዲዮ ከፈትኩ። ተራኪው ቤዝቦል ስለሚባል የአሜሪካኖች ጨዋታ ያወራል። ኳስ የሚቀበለው ሰው ቁጢጥ ብሎ፣ በጭኖቹ መካከል ለወርዋሪው በጣቱ ምልክት ይሰጠዋል አሉ፤ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረውር። አንድ ትልቅ ቡድን ታዲያ ያንን ጣት በካሜራ እያየ፣ የቆሻሻ በርሜል እየደበደበ ለራሱ መቺ ይነግረው ነበር። ሲነቃባቸው አገር ጉድ አለ።

ደንበኛዬ ሳቀ። «ካሜራ ተክለው ሲያበቁ በርሜል ድብደባ! ጉድ እኮ ነው!»

እኔ አልሳቅሁም። ገና ከእጄ ያላስቀመጥኩት መበየጃ ጣቴን ለበለበኝና፣ ደንበኛዬ ፊቴ የጠቆረው በሱ መሰለው። ተወው አልኩ በሆዴ። እኛ በርሜል እንኳ አላስፈለገንም።

የእኛ ጨዋታ መረብ ኳስ ነበር። ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው፤ እኔ ለሐይቅ እጫወታለሁ፣ የአክስቴ ልጅ ለውጫሌ። እናቱ የአባቴ እህት ናት፤ ውጫሌ ተድራ እዚያው ወለደችው። ክረምት ክረምት እኛ ቤት ይመጣ ስለነበር፣ ሐይቁ ዳር በተቀደደ የዓሣ መረብ ላይ መጫወት የተማርነው አብረን ነው። እኔ መቺ ሆንኩ፣ እሱ አቀባይ። አቀባይ ኳሷን ራሱ አይመታም፤ ለመቺው ከፍ አድርጎ ያዘጋጅለታል። ተራ ተመልካች ለመቺ ያጨበጭባል፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ግን አቀባዩን ነው የሚያየው። የሱ ጣቶች ኳስ ሲነኩ ድምፅ አይሰማም ነበር። አላጋነንኩም፤ አጠገቡ ቆሜ ስንት ዓመት ሰምቻለሁ፣ ወይም አልሰማሁም።

ኳሷ ሳትጀመር አቀባዩ ፊቱን ወደ መረቡ አድርጎ፣ አንድ እጁን ከወገቡ በስተኋላ ይደብቅና ኳሷ ለማን እንደምትሄድ ለጓደኞቹ በጣቱ ያሳያል። ከመረቡ ማዶ ያለ ተጋጣሚ አያየውም። ገምቶ መዝለል ነው ያለው፤ የጨዋታው ጨው እዚያ ላይ ነው።

ያን ዓመት ሁለት ጊዜ ልንገናኝ ሆነ፤ መጀመሪያ ሐይቅ፣ በሳምንቱ ውጫሌ። ለሁለተኛው ከደሴ ተጫዋች መራጭ ይመጣል ተባለ። ለአክስቴ ልጅ ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የለም፤ ለዞኑ ቡድን ከተመረጠ ሕይወቱ የሚለወጥ መስሎታል፣ ምናልባትም ይለወጥ ነበር። ለመጀመሪያው ጨዋታ ሲመጣ ያደረው እኛ ቤት ነው። የእህቱ ልጅ መጥቶ አልጋ ተከራየ ቢባል አባቴ በምን ፊቱ መስጊድ ይሄዳል? እራት እንደበላን፣ «ስለ ነገ አናውራ እሺ? ዛሬ ጠላቴ ነህ» ብሎኝ ሳቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። እውነትም አላወራንም።

በማግስቱ ድባቅ መቱን። ታላቅ ወንድሜ ያኔ ከሪያድ ገና መመለሱ ነበር፤ ያመጣትን ትልቅ ስልክ ይዞ በውጫሌዎች ጀርባ በኩል ቆሞ ጨዋታውን ሲቀርጽ ዋለ። ሽንፈቴን ልይ ብዬ ተቀበልኩትና ያቺን ከወገቡ ኋላ የሚደብቃትን የአክስቴን ልጅ እጅ አየኋት። በሁለት ጣቴ ገፋ ገፋ አድርጌ አጎላኋት። አንድ ጣት ሲሆን ለግራው መቺ፣ ሁለት ጣት ለመሃሉ፣ ጭብጥ ሲሆን በስተጀርባው ላለው። አንድ ከሰዓት በኋላ በቂ ነበር።

ለወንድሜ ስነግረው ደስ አላለውም። «ኧረ ሐራም እንዳይሆን! ዘመድህ እኮ ነው» አለኝ።

«ምኑ ነው ሐራም? እጁን አደባባይ ላይ አይደል ያወጣው? ዓይን ያለው ያያል» አልኩት። ሌባ መቼ መልስ አጥቶ ያውቃል! አፌ እንዲያ የፈጠነበትን ቀን ዛሬም እረግመዋለሁ።

ውጫሌ ላይ ወንድሜ፣ እያቅማማም ቢሆን እሺ ብሎኝ፣ እንደ ሰው ሁሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ በነሱ ጀርባ ቆመ። ስልኩን በቀኝ እጁ ከያዘ አንድ ጣት ነው፤ በግራው ከሆነ ሁለት፤ በሁለቱም ከሆነ ጭብጥ። ሃያ ሰው ስልክ ይዞ በቆመበት ማን ይጠረጥረዋል? እኛ ኳሷ ከአክስቴ ልጅ እጅ ሳትወጣ ዘለን እንጠብቃታለን። ሦስተኛዋን ስንመልስባቸው፣ እጁን ወደ ፊቱ አምጥቶ መዳፉን አየው። ከዚያ ከእኛ ዓይን ጭራሽ ሊሰውራት ወደ ጀርባው ለጠፋት፤ ለወንድሜ ደግሞ የባሰ ታየችው። በመረቡ ቀዳዳ ሲያየኝ ዓይኔን ወደ መሬት አወረድኩ።

አሸነፍን። መራጩ እኔን ወሰደኝ። ደሴ ላይ ለካ ስልክ የሚይዝልኝ ሰው የለም፤ በሁለት ሳምንቴ ሸኙኝ።

ውጫሌ ውስጥ ግን ምልክቱ ለሐይቆች ተሽጧል የሚል ወሬ ተነዛ። ምልክቱን የሚሰጠው እሱ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ዋዜማ አጎቱ ቤት ያደረው እሱ፤ እንግዲህ ማን ሸጠው ይባላል? ጓደኞቹ ሁለተኛ ኳስ አላስነኩትም። እናቱን ገበያ ላይ «የሻጩ እናት» አሏት። አክስቴ አውቶብስ ተሳፍራ እኛ ቤት መጣች። ቁጭ በይ ብትባል እንቢ አለች፤ ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ፣ እንደቆመች ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«የወንድሜ ልጅ፣ አላህን ፍራና ንገረኝ። ልጄ ነግሮህ ነው?»

«ወላሂ አልነገረኝም» አልኳት።

እውነት ነበር። ከዚያች እውነት ጀርባ ተደብቄ ቆምኩ። አክስቴ ፊቷ በራ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ እኔም ልጄን አውቀዋለሁ» ብላ ጎንበስ አለችና ጫማዋን አጠለቀች። የጫማው ማሰሪያ አስቸገራትና ትንሽ ቆየች። እኔ ቆሜ አየኋት። ውጫሌ ተመልሳ መሐላዬን ብትነግራቸው፣ የወንድሟ ልጅ ሌላ ምን ሊላት ኖሯል ብለው ሳቁባት አሉ።

በዓመቱ የአክስቴ ልጅ ሳዑዲ ሊሄድ ሆነ። እኛ ዘንድ መንገድ የሚወጣ ሰው ዘመድ አዝማዱን እየዞረ «አውፍ በሉኝ» ይላል፤ ከሄደበት ባይመለስ የሰው ሐቅ ይዞ እንዳይቀር። እሱም መጣ፤ እኔ ዘንድ፣ ይቅርታ ሊጠይቅ!

«አስቀይሜህ ከሆነ አውፍ በለኝ» አለኝ።

«ብያለሁ። አንተም አውፍ በለኝ።»

«ብዬሃለሁ፣ ለዱንያም ለአኺራም፣ ለዚህም ለወዲያኛውም ዓለም» አለና አቀፈኝ። ምኑን ይቅር እንዳለ አላወቀም። ምልክቱን ሰርቄው ነበር፤ ያን ቀን ይቅርታውንም ሰረቅሁት። በእጄ ጀርባውን መታ መታ አድርጌ ሸኘሁት።

ዓመታት አለፉ። አክስቴ ታማ ሞተች፤ ልጇ ለቀብሯ መድረስ አልቻለም። እኔ ደረስኩ፣ አፈርም መለስኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው የኖርኩትን ነገር ያ የበርሜል ቪዲዮ አላስይዝህ አለኝ። ደንበኛው እንደወጣ ሱቄን ዘጋሁና ሁሉንም በድምፅ ቀርጬ ላክሁለት፤ ወንድሜ የቀረጸውን ቪዲዮ፣ በስልኩ ያሳየንን ምልክት፣ መሐላዬን። መሃል ላይ አለቀስኩ፤ አልደገምኩትም፣ እንዳለ ላክሁት።

በሦስተኛው ቀን መልሱ መጣ። ድምፁ ጎርነን ብሏል፤ ከኋላው የመኪና ጩኸት ይሰማል።

«እኔ እኮ እጄን በደንብ ያልደበቅሁ መስሎኝ ነበር» አለ። «ይኸው እስከዛሬ። እዚህም ጁሙዓ ጁሙዓ ይጫወታሉ፤ ና ሲሉኝ አቀባይ አልሆንም እላለሁ።» ከዚያ ወደኔ ነገር መጣ። «የኔን አውፍ ብያለሁ፤ ሳላውቅም ብያለሁ፣ አሁን አውቄም ብያለሁ። የእማን ግን አትጠይቀኝ። የሷን ሐቅ እኔ ልሰጥህ አልችልም።»

ውጫሌ ሄድኩ። እነዚያን የድሮ ተጫዋቾች ከያሉበት ፈልጌ ነገርኳቸው፤ አንዱ ሰደበኝ፣ ሌላው «ኧረ ያ ነገር? ማን ያስታውሰዋል አሁን?» ብሎ ባጃጁን አስነሳ። ከሰደበኝ ይልቅ የሱ ባሰብኝ። ከዚያ ወደ አክስቴ መቃብር ወጣሁ። ፋቲሃ ቀራሁ፣ ዱዓ አደረግሁ፣ ከዚያም ልክ በሩ ላይ እንደቆመች ያህል ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«አልነገረኝም፤ እኔ ነኝ የሰረቅሁት» አልኩ።

ይኼው ነው፤ ሌላ ቃል የለውም። ያን ቀን ብናገረው ኖሮ፣ አክስቴ ጫማዋን አጥልቃ ሳትጨርስ እጨርሰው ነበር።