ለአርሴማ የተበጠበጠ ተልባ

እኛ ልጆች ሳለን ደብረ ብርሃን ውስጥ ባና የሌለበት ቤት አልነበረም። ዛሬ ብርድ ልብሱ ሁሉ የሱቅ ሆኗል። ጎረቤቴ እናናየሁ ግን አሁንም የበግ ጸጉር እየነደፈች፣ እየፈተለችም ለባና ሠሪዎች በመሸጥ ትኖራለች። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። የስምንት ዓመቷ ልጇ አርሴማ ደግሞ የተነደፈውን ስትበትንባት ትውላለች።

ባለፈው ዐቢይ ጾም መምህር ይትባረክ እናናየሁን አስጠራት።

«እትዬ፣ ልጅዎ ብሩህ ናት። ግን ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ከፋሲካ በኋላም እንዲህ ከሆነች ክፍሌ አላስገባትም።»

አዲስ አበባ የምትሠራው የእኅቷ ልጅ ሮዳስ ይህን በስልክ ሰምታ የዓሣ ዘይት እንክብል ላከች። «አክስቴ፣ ትኩረት ለሚያጡ ልጆች ይሰጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። ተፈጥሯዊ ነው፤ ምንም አያደርጋትም።»

እናናየሁ ብልቃጡን ይዛ ግራ ገባት። ነገሩ ዓሣ፣ ጊዜው ጾም፤ ልጅቷም መጾም ጀምራለች። ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ተስፋሚካኤል ሄደች።

«ለሕመምተኛ መድኃኒት አይከለከልም። ታማለች?» አሏት።

«ኧረ አልታመመችም። ትበላለች፣ ትሮጣለች።»

«ታዲያ መድኃኒቱ ለምንድን ነው?»

«ቁጭ እንድትል።»

«እንግዲያ ታማለች በይኛ!»

«እኔስ መቼ አወቅሁት፣ አባቴ!»

አባም ጥምጣማቸውን አስተካክለው መስቀል አሳልመው ሸኟት።

እናናየሁ ለሮዳስ ደወለች። ሮዳስም «እንግዲያው ተልባ ስጫት። እሱም ጥሩ ቅባት አለው፤ ደግሞ የጾም ነው» አለቻት። ተልባ ሆድ እንደሚያላላ የማያውቅ አበሻ የለም። እናናየሁም ታውቃለች፤ ነገር ግን መድኃኒት ከተባለ ሲበዛ ይበልጥ ይሠራል ብላ ጧትና ማታ በትልቁ ኩባያ ታጠጣት ጀመር።

በሳምንቱ መምህሩ መንገድ ላይ አገኛት። «እትዬ፣ ምን ሰጥተዋት ነው? ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም! እንዳያቋርጡ አደራ!»

እየተደሰተች ቤቷ ገባች። አርሴማ ጥግ ይዛ ተኰራምታለች፤ የተነደፈውን የበግ ጸጉርም አልነካችውም።

«ምን ሆነሻል፣ እማ?»

«ብነሣ ያመልጠኛል።»

«ምኑ?»

«ሆዴ ነዋ! እነቴዎፍሎስ እንዳይስቁብኝ ክፍል ውስጥም ጭምቅ አድርጌ ይዤው ነው።»

እናናየሁ በኩባያው የቀረውን ተልባ ደፋችው። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብላ ብዙ አሰበች። ተልባውን ካቆመች ልጅቷ ትነሣለች፤ ከተነሣች ከክፍል ትወጣለች። ቢሆንም በማግሥቱ መምህሩ ዘንድ ሄደች።

«ልጄ የተቀመጠችው ሆዷን ይዛ ነው። አቁሜዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ትነሣብዎታለች።»

መምህሩ ሊስቅ ጀመረና ተወው። «ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እኔማ እርስዎን ልጠይቅ ነበር የመጣሁት!»

ሁለቱም አርሴማን ይዘው የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙም «ልጅቷን በደንብ ሳላይ እንክብሉንም ተልባውንም መድኃኒቷ ነው አልልም» ብሎ፣ ስለ ቤቷና ስለ ትምህርቷ ሁለቱንም ጠይቆ ሌላ ቀጠሮ ሰጠ።

ፋሲካ አለፈ። አርሴማ ከክፍል አልወጣችም፤ መምህሩ ፊት ወንበር አስቀምጧት ሰሌዳ የምታጠፋ፣ ደብተር የምታድል እሷ ሆናለች። ብልቃጡ ሳይከፈት መደርደሪያው ላይ አለ፤ ከእንግዲህ ጾሙም ሰበብ አይሆንም።

ትናንት በበራፏ ሳልፍ «እህ፣ ታማለች ተባለ?» አልኳት።

«ገና ነው» አለችኝ፣ አርሴማ የበተነችውን ጸጉር እየለቀመች። «አባም በተገናኘን ቁጥር ይጠይቁኛል። እኔም እንደዚያን ቀኑ አላውቅም እላቸዋለሁ።»