ዓይኗን ገልጣ የተወለደችው

ይህን መጻፍ ተገቢ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልፈረሰበትም። የሁለት ካርድ ነገር ነው።

ቤታችን ከቁስቋም ቁልቁል ወረድ ብሎ ነው። እናቴ እንደምትለው እኔ ዓይኔን ገልጬ ስለተወለድኩ «ብሩህ» ተባልኩ። በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ ስትወለድ ለማልቀስ እንኳ ስለዘገየች «ፈዛዛ» ተባለች። እንግዳ ሲመጣ እነዚህ ቃላት ከስማችን ይቀድሙ ነበር። እኔን ዕድሜዬ ሳይደርስ ትምህርት ቤት አስገቡኝ፤ እሷ አንድ ዓመት ደገመችና አንድ ክፍል ተገናኘን።

በየዓመቱ ሰኔ 30 ካርዳችንን ሳንከፍት ይዘን እንመጣለን። አባታችን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጸልይበታል፣ ከዚያ ጮክ ብሎ ያነባል። ሰባተኛ ክፍል ሳለን የኔን አነበበ፤ አሥራ አራተኛ። የእህቴን ከፍቶ ስሙን መልሶ አየ።

«ሦስተኛ ይላል» አለ በመጨረሻ።

እናቴ ሳቀች። «የማን?»

«የአባት ስማቸው አንድ አይደል? አስተማሪዎቹ ሲገለብጡ ተቀያይሮባቸው ነው» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ የኔ ነው» አለች እህቴ። «ዓመቱን ሙሉ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እየተነሳሁ አጥንቻለሁ። እሷን ጠይቃት፤ አብረን አይደል የምንተኛው?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው ብሩሄ?»

በየንጋቱ ከጎኔ ስትነሳ ብርዱ ይቀሰቅሰኝ ነበር። ግን «ብሩሄ» ብሎ ነው የጠራኝ።

«እኔ እንጃ። ተኝቼ ነበር» አልኩ።

«አይዞሽ» አላት አባቴ፣ ራሷን ዳበስ አድርጎ። «ጌታ ለሁሉም የየራሱን ሰጥቷል። ያንቺ በእጅሽ ነው።» የጎረቤት ልጆች ፀጉር ትሠራ ስለነበር ነው። ትምህርት ቤት ሄዶ የጠየቀ ግን የለም።

ዛሬ እህቴ ዊንጌት አካባቢ ሹሩባ ትሠራለች። ደንበኞቿ «እጅሽ የተፈጥሮ ነው እኮ!» ይሏታል። ጣቷ እስኪያብጥ የተለማመደችው በእኔ ፀጉር ላይ ነው። እኔ ባለሁበት ይህን ሲሏት ቀና ብላ አታየኝም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የምነቃው እኔ ሆንኩ። እሷም አትተኛም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዓይኗን ገልጣ ትጋደማለች። ደብተር ግን አልነካችም። ዓመቱ ሲያልቅ፣ «ተነሽ እንጂ፣ ካርድ እንቀበል» አልኳት።

«ያንቺን አምጪ። የኔን ያውቁታል።»

ብቻዬን ሄድኩ። የእሷ ካርድ አስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ሰኔ 30 ቀን ነበር።