ከግድግዳው ጋር የቀሩት ጆንያዎች

ትናንት መንገድ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሰማሁና አንድ ማዳበሪያ ዱቄት አሸክሜ አስገባሁ። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም፤ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቼ መቀመጥ አልችልም። ልጄ ትርንጎ ቦታ ላበጅለት ብላ ጓዳ ገባችና፣ "እማ፣ ይኼ ከኋላ ያለውስ መቼ የተገዛ ነው?" አለችኝ። እጄን ሰድጄ ዘገንኩት፤ ተጋግሯል፣ እርጥብ ግድግዳ እርጥብ ግድግዳ ይሸታል። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ካወቅኩት ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው።

ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ቢሆንም ቁጥር አነባለሁና ሰቆጣ ውስጥ አንድ የእርዳታ እህል መጋዘን ቀን ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። እጠርጋለሁ፣ የተቀደደ ጆንያ እሰፋለሁ፣ በየቁልሉ ላይ የታሰረውን የመግቢያ ቀን ካርድ አያለሁ።

የመጋዘኑ ኃላፊ አያ ሞላ ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ እርሳስ ጆሯቸው ላይ የሚሰኩ፣ ቁጣቸው ቅርብ የሆነ ሰው። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል። አዲስ ጭነት በመጣ ቁጥር አሮጌው ከግድግዳው ወደ በሩ ይሳባል፣ አዲሱ ከኋላው ይገባል። ድካሙ እጥፍ ነው። ተሸካሚዎቹ "አያ ሞላ ጆንያ ያንሸራሽራሉ" እያሉ ያሟቸው ነበር።

እኔ ያደግሁት ደግሞ በሌላ ሕግ ነው። የእናቴ ጎታ ከታች መውጫ አልነበረውም፤ በአፉ ይሞላል፣ በአፉ ይቀዳል። የዘንድሮው ገብስ በአምናው ላይ ይፈሳል፣ እኛም ከላይ ከላዩ እንበላለን። የታችኛው አይነካም፤ የታችኛው ለክፉ ቀን ነው። እናቴ በልጅነቷ ረሃብ ያየች ናት፤ ክንዷን ጎታው ውስጥ ሰዳ እህሉ መኖሩን ካልዳሰሰች እንቅልፍ አይወስዳትም። እኔም ይህን ከጡቷ ጋር የጠባሁት ይመስለኛል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የሕፃናት አልሚ ዱቄት የጫኑ መኪኖች መጡ። አያ ሞላ በዚያው ቀን ጋዝጊብላ ዘመድ ሞቶባቸው ለቀብር ሄዱ። ሲወጡ፣ "አደራ! አሮጌው ወደ በሩ፣ አዲሱ ወደ ውስጥ። ካርዱን እያየሽ" አሉኝ።

"እሺ" አልኩ። ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮውን መቱት። አሮጌዎቹን ጆንያዎች አየኋቸው፤ ግድግዳውን ተደግፈው ዝም ብለዋል። ዝናቡ መንገዱን ቢቆርጠውስ? ሌላ መኪና ባይመጣስ? እነዚህን አውጥተን ከጨረስን ምን ይቀረናል?

"የኋላውን ተዉት፤ አዲሱን ፊት ለፊቱ ደርድሩት" አልኳቸው ተሸካሚዎቹን።

"ተባረኪ! ኃላፊ መሆን የሚገባሽስ አንቺ ነበርሽ" አለኝ አንዱ፣ ወገቡን ይዞ።

አያ ሞላ እንዳይቆጡ የአሮጌውን ካርድ ፈትቼ በፊተኛው ቁልል ላይ አሰርኩት።

ሐምሌን በሙሉ አዲሱ ሲወጣ ከረመ። ፍልሰታ ገብቶ ሳለ ጎርፍ መንገዱን በላው፤ እኛም ከግድግዳው ጋር ያሉት ላይ ደረስን። ጣሪያው ያፈስ ኖሯል። አያ ሞላ የመጀመሪያውን ጆንያ ፈቱ፣ ዘገኑ፣ አሸተቱ፣ በምላሳቸው ነክተው ተፉ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። መርሯል፤ ነቀዝ ይርመሰመስበታል። በራፉ ላይ ደግሞ ከሰቆጣ ዙሪያ በእግራቸው የመጡ እናቶች ሕፃን አዝለው ተሰልፈዋል።

"ይህን ለሕፃን አልሰጥም" አሉ አያ ሞላ።

"ይስጡን እንጂ፤ እንነፋዋለን" አለች ከፊት የቆመችው። ልጇ አንገቷ አልጸና ብሎ ትከሻዋ ላይ ወድቃለች።

ከኋላ አንዷ፣ "ነቀዙ የሚያስገድፈው እኛን ነው፤ የታዘለ ሕፃን ፍልሰታን አይጾም!" ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ሳቁ። የፊተኛዋ አልሳቀችም። "ባዶ እጄን ከተመለስኩ ይህች ልጅ ሳምንቱን አትዘልቅም" አለች፣ ለማንም ሳይሆን እንዲሁ።

አያ ሞላ ወደ እኔ ዞሩ። "ይህን ማነው የደረደረው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ለክፉ ቀን ይሁን ብዬ።"

አልጮኹም። እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። "ክፉ ቀን ምን መስሎሻል? ይኸው ልጅ አዝሎ ቆሟል።"

ቤት ሮጥኩ። በሶ ያለበትን ቅል ሳነሳ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"ወዴት ነው?"

"ልጅ ልትሞትባት ነው፣ ልቀቂኝ!"

"እሱ መጠባበቂያችን ነው። ቆይ፣ ሰሞኑን ከተፈጨው በሶ ላምጣልሽ።" ጓዳ ገባች፣ ፈለገች፣ ሰፈረች፣ የሰፈረችውን መልሳ ቀነሰች። እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ፈሪ ነበረች።

ስመለስ ሰልፉ ተበትኗል። ከከተማው መውጫ ድረስ በጭቃው ሮጥኩ። በጉሙ ውስጥ ነጠላ የለበሰ ሰው ሁሉ እሷ መሰለኝ። ሁለት ሴቶችን ደረስኩባቸው፤ አንዷም እሷ አልነበረችም። በሶውን ለአንደኛዋ ሰጠኋት።

መንገዱ ተጠግኖ አዲስ ዱቄት ሲመጣ ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈለግሁ። አልመጣችም። አያ ሞላ አይተውኝ፣ "ኒሯቅ ዘመድ ይኖራት ይሆናል፣ ወደዚያ ሄዳ እንደሆነስ" አሉኝ። ያን ያህል ለስልሰው ያናገሩኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሌሎቹን እናቶች መጠየቅ እችል ነበር፤ ከየት መንደር እንደሆነች ያውቁ ነበር። አልጠየቅሁም። መልሱን ፈራሁት።

ያቺ ሕፃን ኖራ ከሆነ ዛሬ የልጆች እናት ናት። በገበያ ቀን የእሷን ዕድሜ የሚያህል ሴት ሳይ ዓይኔ ፊቷ ላይ ይቀራል። ፍርሃት ጥንቃቄ መስሎ ነው የሚገባው፤ ይሰበስባል፣ ይደብቃል፣ ይቆልፋል። የተራበው ግን ደጅ ቆሞ ቆሞ ይሄዳል። ይህን አውቄም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ታናሹ ልጄ ዓረብ አገር ነው፤ ስልኩ ሲጮህ ትርንጎ "እማ፣ አንሺው እንጂ!" ትለኛለች። እኔ ሁለቴም ሦስቴም እስኪጮህ እተወዋለሁ። እስካላነሳሁት ድረስ ልጄ ደህና ነው።