ሆዴን የደበቅሁበት ጾም

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ዛሬ ሳልናገር አልሄድም። ግን ቁጭ ብዬ ልናገር፤ ብዙ ከቆምኩ ሆዴ ላይ ያሰርኩት መቀነት ይላላል። መቀነቱ ምን እንደሚይዝ አሁን ትሰማላችሁ።

እኔ የደሴ ሸማኔ ነኝ፤ ቤቴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ጾም አጥባቂ ነበርኩ፤ ምላሴ ግን ማንንም አይምርም ነበር። አምና ከታች ደም ይፈሰኝ ጀመር። ኪንታሮት ነው ብዬ ሥር ስጠጣ ከረምኩ። መቀመጥ ሲያቅተኝ ባለቤቴ የሺ እየጎተተች ወደ ጣሊያኖቹ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ መረመረኝና በአስተርጓሚው በኩል፣ «ነቀርሳ ነው፤ አንጀትህን ዘግቶታል። አሁን ሆድህ ላይ መውጫ እከፍትልሃለሁ። ሰውነትህ ሲጠነክር ደግሞ ነቀርሳውን ቆርጬ አወጣዋለሁ» አለኝ።

የሚያስተኛውን መድኃኒት ሲያሸቱኝ አንጀቴ ነጭ ፈትል ሆኖ፣ ከጦሳ ተራራ እስከ ኮምቦልቻ ሜዳ ተዘርግቶ አየሁ። አንድ ሰው ቀስ እያለ ይጠቀልለዋል። ፊቱን ላየው ስል ነቃሁ። ግራ ጎኔ ላይ ቀይ ሥጋ ወጥቷል። እዳሪዬ በዚያ ነው የሚወጣው፤ ሲወጣም አያማክረኝም። በጨርቅ አፍኜ በመቀነት አስረዋለሁ፤ ዙሪያው ቆስሎ ይለበልበኛል። ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ አፍንጫ አፍንጫውን ነበር የማየው።

ሁዳዴ ሲገባ መላ አገኘሁ። ካልበላሁ አይወጣም አልኩ፤ እዩልኝ ብልጠቴን። የነፍስ አባቴ «ልጄ፣ ለታመመ ሰው ጾም የለበትም፤ ብላ» ብለውኝ ነበር። እኔ ከሳቸው በልጬ ጻድቅ ሆንኩ። ሁለት ጉርሻ ቀምሼ ከገበታ እነሳለሁ። ጎረቤቱ «እንዴት ያለ ጿሚ ነው» ይለኛል፤ እኔ ግን የምጾመው አፍንጫቸውን ፈርቼ ነው። ሐኪሙ ሲያየኝ ተቆጣ። «በዚህ አጥንትህ ብቀድህ ጠረጴዛው ላይ ትቀራለህ። ሳትወፍር እንዳትመጣ» አለኝ። የሺ ደግሞ «አንተ ሰውዬ፣ ልትመንን ነው ወይስ ልትገድለኝ?» ብላ አለቀሰች።

ለቅሶዋን እንኳ እንደ ሩቅ ዝናብ ነበር የምሰማው። ረሃብ ሲበዛ እኮ ያምራል፣ ወንድሞቼ። የደሴ ጭጋግ ቤት ገብቶ ከጎኔ የሚጋደም ይመስለኛል። መወርወሪያዬም ማንም ሳይነካት ድርና ማጉን ስታገናኝ እሰማለሁ። መሞቴ ነበር፤ ግን ሞት እንደ እንቅልፍ ጣፈጠኝ።

እንዲያ ሆኜ ፈትል ላመጣ ብዬ በካሚዮን ኮምቦልቻ ወረድኩ። ፈትል የሚፈትሉልኝ እኚህ ጥግ የተቀመጡት እማማ ዘውዴ ናቸው። በራቸው ላይ ስደርስ ወደቅሁ። ስነቃ መቀነቴ ተፈቷል፤ እማማ በሞቀ ውኃ ቁስሌን ያጥባሉ። ልሸፍነው ስል እጄን ገፋ አደረጉና ቅቤ ቀቡኝ። ከዚያ ሽሮ አቀረቡና አብረውኝ ከአንድ ገበታ ቆረሱ።

«እማማ፣ እኔ አልበላም፤ ከበላሁ ይወጣል» አልኳቸው።

«ታዲያ የኔው የት የሚቀር መስሎህ ነው?» አሉኝ።

ወንጌላቸውን አምጥተው አነበቡልኝ። ወደ አፍ የገባ በሆድ አልፎ እንደሚወጣ፣ ሰውን የሚያረክሰው ግን ከልቡ የሚወጣው እንደሆነ ጌታ የተናገረውን ነው። በግዕዝ ሲነበብ ሰምቼው ይሆናል፤ በምሰማው ቋንቋ ግን ያን ቀን ነው የደረሰኝ። እኔ አፍሬ የምሞትለትን ነገር ጌታ ሳያፍር በአፉ ጠርቶታል። ሳቄ መጣ። ስስቅ ያ መውጫዬ ድምፅ አሰማ። ጎኔን በሁለት እጄ አፈንኩት።

እማማ ግን «እሱም አሜን ብሏል። አብሽር፣ ብላ» ብለው አጎረሱኝ።

እያለቀስኩ በላሁ። ከልቤ የሚወጣውንም ያን ቀን ነገርኳቸው፤ ውሸቴን፣ ኩራቴን፣ ሰው ማማቴን። አብረን ተንበረከክን፤ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ። ስሙ ይባረክ። ከዚያ ወዲህ የሺ ያቀረበችውን ጠርጌ ነው የምነሳው። ቁስሉም ደርቋል፤ ጌታ ይመስገን።

ወንድሞቼ፣ መውጫው ዛሬም አለ። ነቀርሳውም ገና ውስጤ ነው። ባለፈው ሐኪሙ ክንዴን ጨብጦ «አሁን ሰው ሆነሃል፤ ሐሙስ ና» አለኝ። አልዋሻችሁም፣ እፈራለሁ። እመለስ ይሆናል፣ አልመለስም ይሆናል። የሺን አደራ። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ጌታ መቀነቴ ተፈትቶ አይቶኝ አልተጠየፈኝም። ከመካከላችሁ ሸሽጎ የሚያስረው ነገር ያለው ሰው ካለ፣ ለጌታ ይፍታለት። ይታመንበት።

በሉ እጃችሁን ጫኑና ጸልዩልኝ። ከዚያ ምሳው ይቅረብ፤ ርቦኛል።