አባቴ ቆርበው ደም ሊሰጡ የመጡ ዕለት

አባቴ የአቋቋም መምህር ናቸው። የያዛቸው ካንሰር ከፕሮስቴት ተነሥቶ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። በየሦስት ወሩ ለምርመራ ደም ይሰጣሉ፤ በደማቸው ውስጥ የሚለካው ቁጥር ከወረደ የሚውጡት ክኒን ይቀጥላል፣ ከወጣ ግን ኬሞ ይጀመራል። ኬሞ ከተጀመረ ማኅሌት መቆም ይቀራል ብለው ነበር የፈሩ።

እኔ የምኖረው ሰው አገር ነው። ዘንድሮ ፈቃዴን ከምርመራው ጋር አስማማሁ፤ ውጤቱን አብሬያቸው ሰምቼ በማግሥቱ ከሰዓት ልበር ብዬ። የምርመራው ዕለት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በር በባጃጅ ተቀበልኋቸው። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። ብርዱ መስሎኝ ነበር።

ላቦራቶሪ ገብተን፣ ደም የምትቀዳዋ ልጅ ክንዳቸውን በላስቲክ አስራ መርፌውን ስታነሣ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ምነው የኔታ? መርፌ ፈሩ እንዴ?»

«ምን ያስፈራኛል! ቆርቤ ነው የመጣሁ።»

የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ደም ሊፈሰው አይገባም። ልጅቱም ማተብ አላት፤ ምንም ሳትጠይቅ ላስቲኩን ፈታች።

«ምነው አባባ!» አልሁ፤ ነገ መሄዴ ነው የታየኝ። «ማታ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ነገ ከሰዓት እኮ እበራለሁ።»

«ለዚሁ ምርመራ ብዬ እኮ ነው የቆረብሁ። ቁጥሩ እንዲወርድ።»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጅቱም እየሳቀች፣ «ነገ በጠዋት ይምጡ፤ ውጤቱን ከቀትር በፊት አደርስልዎታለሁ። ብቻ የኔታ፣ ነገ ደግሞ እንዳይቆርቡ!» አለቻቸው።

በማግሥቱ ደሙን ሰጥተው ውጤቱን ስንጠብቅ ዳዊቴን ገልጬ አንዱን መስመር ስደጋግም ቆየሁ። ሐኪሙ አስገባን። የድሮውንና የአሁኑን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ አየና ቀና አለ።

«የኔታ፣ ወርዷል። በደንብ ወርዷል። በክኒኑ እንቀጥላለን።»

«እንግዲያ ማኅሌት እቆማለሁ?»

«ይቁሙ። ሲደክምዎ ግን መቋሚያው ላይ ይደገፉ።»

«ታዲያ መቋሚያ ለምን ተሠራና!» አሉት።

ከዚያው በባጃጅ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኙኝ። አዘዞ ሳንደርስ አባቴ ዜማ ጀመሩ፤ በመቋሚያቸው የባጃጁን ወለል ይመታሉ። ሾፌሩ ሙዚቃውን ዘጋና፣ «አባ፣ ወለሉን እንዳይበሱብኝ!» አለ።

እሳቸው መቼ ሰምተውት! እኔም ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አጨበጭብላቸው ጀመር።