ሐይቅ በየትኛው ሀ ይጻፋል

ከባለቤቴ ጋር ያደረግነው የመጨረሻ ተራ ነገር በአንዲት ፊደል መከራከር ነበር። እሱ የልጅነቱን ታሪክ ይነግረኛል፤ እኔ በአሮጌው ኮምፒውተራችን እጽፋለሁ። «ወደ ሐይቁ ወረድኩና» ብዬ እንደጻፍኩ አስቆመኝ።

«ሀሌታው ሀ ነው።»

«ሐመሩ ሐ ነው። አማርኛ ሳስተምር የኖርኩት እኔ ነኝ።»

«ሲዋኝበት ያደገው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ስቄ በእሱ ሀ ጻፍኩለት። «የቀረውን ነገ» አለ። በነጋታው ታመመ፤ ከዚያ ሕመም አልተነሣም።

ከቀብሩ በኋላ ኮምፒውተሩ ያስቸግረኝ ጀመር። ስጽፍም ሆነ ታሪኩን ወደ ፍላሽ ስገለብጥ መሃል ላይ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና ይጠፋል። መናኸሪያ አካባቢ ላለ ጠጋኝ ወሰድኩት።

«ቫይረስ ነው፣ እናቴ። ፎርማት ይደረግልዎት።»

«የተጻፈውስ?»

«እሱማ አይተርፍም።»

ታቅፌው በባጃጅ ወደ ሰፈሬ ወደ ታቦር ተመለስኩ።

ኮምፒውተሩ ጠዋት ጠዋት ደህና ነበር፤ የሚያመው ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ በሩን ጓ አድርጎ ሲዘጋው ስክሪኑም አብሮ ድርግም አለ። መልሼ አበራሁና በሩን በእጄ ገጭ አድርጌ ዘግቼ ሞከርኩት። ያው ሆነ። ባለቤቴ ሁልጊዜ፣ «ፕሮግራሙን ከመስደብሽ በፊት የላላ ነገር ፈልጊ» ይለኝ ነበር።

ከመብራት ነቅዬ ጎኑን ከፈትኩ። ራም የሚሉትን ቀጭን ሰሌዳ ብነካው ተወዛወዘ፤ ወርቃማ ጥርሶቹ ጠቁረዋል። እንዲህ ሲሆን ባለቤቴ በላጲስ ያሸው ነበር። ላጲሱ መሳቢያው ውስጥ፣ እሱ ባስቀመጠበት ቦታ ነው። አሸሁት፤ ቀጭ እስኪል ተጭኜ መለስኩት። አበራሁና በሩን በኃይል ወርውሬ ዘጋሁት። ስክሪኑ አልጠፋም።

«አየህ?» አልኩ፣ ወደ ወንበሩ ሳልዞር።

ታሪኩን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። ዓረፍተ ነገሩ «ወደ ሀይቁ ወረድኩና» ላይ ቆሟል። ወርዶ ምን እንዳገኘ አልነገረኝም። አንዳንዴ የመጨረሻዋን ፊደል ብቻዋን አነባታለሁ፦ ና።

አሁን ከሰዓት በኋላ እየተቀመጥኩ ከላይ ጀምሬ ፊደል አርማለሁ፤ ሀይቅን ግን በእሱ ሀ እተወዋለሁ።